ፀሐይ በሌለችበት ወራት የተጻፈ ጋዜጣ

በገሰራ ሜዳ ገብሱ ሲያሸት የሚወርደውን ውርጭ የሚያውቅ፣ ወይም ከጎባ ተነሥቶ፣ የአስታውን ጫካ አልፎ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው ወደ ሰኔቲ የወጣ ሰው፣ ብርድ ምን እንደ ሆነ የሚያስተምረው አይሻም። ይሁን እንጂ የባሌ ብርድ ሌሊት መጥቶ ጧት ፀሐይ ስትወጣ የሚሸሽ በመሆኑ፣ ፀሐይ ራሷ ለወራት ተሰውራ በምትቀርበት በምድር ዋልታ፣ በግግር በረዶ ተከበው የከረሙትን ሰዎች ኑሮ በልቡናው ለመሣል ጥቂት ማሰላሰል ያስፈልገዋል። እነዚያ ሰዎች ከብርዱ ባላነሰ የፈሩት ሥራ ፈትነትን፣ ከሥራ ፈትነትም የሚወለደውን ትካዜና ጠብ ነበረና፣ መድኃኒት ይሆነናል ብለው ከያዙት ነገር አንዱ ጋዜጣ ማዘጋጀት ሆነ።

በ1812 ዓ.ም. እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኰንን ዊሊያም ፓሪ፣ ከአትላንቲክ ወደ ፓስፊክ በሰሜን በኩል የሚያሻግር መንገድ ሲፈልግ፣ ሄክላና ግራይፐር የተባሉት መርከቦቹ በሜልቪል ደሴት አጠገብ በበረዶ ተይዘው ከረሙ። በዚያ ክረምት የፈለክና የመግነጢስ ተመራማሪ የነበረው ኤድዋርድ ሳቢን አዘጋጅ ሆኖ፣ መኰንኖቹ ስማቸውን ሠውረው እየጻፉለት፣ 21 ቍጥር የወጣለት ሳምንታዊ ጋዜጣ በእጅ ጽሕፈት ተዘጋጀ። ጽሑፍ ሳያዋጡ የሌላውን ብቻ የሚያነቡት ሰዎች በዚያው ጋዜጣ ላይ ይወቀሱ ነበር፤ እኔም ወቀሳው ተገቢ ነበር እላለሁ፤ በአንድ ማዕድ የሚቀመጥ ሁሉ እንደ ዐቅሙ ማዋጣት አለበትና።

ከዚህ በኋላ በደቡብ ዋልታ የሆነው ለእኛ ይበልጥ የቀረበ ነው። የካፒቴን ስኮት መርከብ ዲስከቨሪ በአንታርክቲክ ጠረፍ ቆማ ሳለ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1894 ዓ.ም. ፀሐይ ለክረምቱ በተሰናበተችበት ዕለት፣ «ሳውዝ ፖላር ታይምስ» የተባለው ጋዜጣ የመጀመሪያ ቍጥሩ ወጣ። አዘጋጁ ኧርነስት ሻክልተን በጽሕፈት መኪና ጻፈው፤ ሐኪሙ ኤድዋርድ ዊልሰን ሥዕሉን በቀለም ሣለለት። ቅጂው አንድ ብቻ ስለ ነበረ፣ ጋዜጣው ራሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው የሚዳረስ አልነበረም።

በዚያው በ1890ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የሆነውን ደግሞ እንመልከት። ከሐማሴን የመጡት ብላታ ገብረ እግዚአብሔር፣ አንድነትንና ትምህርትን የሚሰብኩ ጽሑፎቻቸውን በእጅ እያስገለበጡ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አካባቢ ያሰራጩ ነበር። በዚያው ዘመን አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ አማርኛ ጋዜጣ ጀመረ፤ ስሙንም «አእምሮ» ብለው የሰየሙት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው። ጋዜጣው መጀመሪያ በማተሚያ መኪና አልታተመም፤ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። ኋላ ግን ምኒልክ የማባዣ መኪና ስለ ሰጡት፣ ቅጂው እስከ 200 ደረሰ።

ይህችን 24 የምትባል ቍጥር ብዙ ሰው ፈገግ ብሎ ያልፋታል፤ እኔ ግን ቆሜ እመለከታታለሁ። በአገራችን መጽሐፍን በእጅ መገልበጥ ነውር ሳይሆን ክብር ነበረ፤ በየገዳሙና በየደብሩ ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፣ መቃ ብዕሩን ቀርፆ፣ ጥቍሩንና ቀዩን ቀለም በጥብጦ ለወራት ይደክም ነበር። ነገር ግን ዳዊት የሚገለብጥ ሰው ጊዜ አያሳድደውም፤ መዝሙሩ ዛሬም ነገም ያው መዝሙር ነው። ወሬ የሚገለብጥ ሰው ግን ያንኑ ጽሑፍ ሃያ አራት ጊዜ ደጋግሞ ሲጽፍ፣ የመጨረሻው ቅጂ ሳያልቅ ወሬው እንዳያረጅበት ከቀን ጋራ መሽቀዳደም ነበረበት። የብራናን ትዕግሥት ከጋዜጣ ችኮላ ጋራ ያጣመረው ያ ድካም በጋዜጣችን ታሪክ ውስጥ ከግርጌ ማስታወሻ የበለጠ ቦታ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ አንባቢን የፈጠረው ማተሚያ ቤት ሳይሆን የእነዚያ ጸሐፍት እጅ ነውና።

ወደ በረዶው ስንመለስ፣ በ1900 ዓ.ም. ሻክልተን የራሱን ጕዞ መርቶ በኬፕ ሮይድስ ሲከርም፣ ትንሽ የማተሚያ መኪና ይዞ ሄዶ ነበር። ጆይስና ዋይልድ የተባሉት ጓዶቹ ከመነሣታቸው በፊት ጥቂት የኅትመት ትምህርት ቀስመው ነበርና፣ ቀለሙ በብርድ እንዳይረጋ ከሥሩ ሻማ እያበሩ፣ «አውሮራ አውስትራሊስ» የተባለውን መጽሐፍ በዚያች ጠባብ ጎጆ ውስጥ አተሙ። ገበታው የተሠራው ስንቅ ከመጣበት የሳጥን ጣውላ ስለ ሆነ፣ በአንዳንዱ ቅጂ ላይ የቅቤ ወይም የባቄላ ሳጥን መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ስኮት ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ በኬፕ ኤቫንስ በከረመበት በ1903 ዓ.ም. ደግሞ፣ ኤፕስሊ ቼሪ ጋራርድ የተባለው ወጣት የቀድሞውን ጋዜጣ አስነሣው። ሰኔ 15 ቀን፣ የክረምቱ እኩሌታ በሚከበርበት ዕለት፣ በተቀረጸ ጣውላና በአቆስጣ ቆዳ የተገበተውን ቅጂ ለአለቃው አቀረበ፤ ስኮትም ድምፁን ከፍ አድርጎ ለማኅበሩ ሲያነብ፣ አድማጮቹ ይህን የጻፈው እገሌ ነው፣ የለም እገሌ ነው እያሉ ይገምቱ ነበር። በተከታዩ ዓመት ስኮትና አራቱ ጓዶቹ ከዋልታ ሳይመለሱ ቀሩ። በጎጆው የቀሩት 13 ሰዎች ሁለተኛውን ክረምት በኀዘን ሲያሳልፉ፣ ቼሪ ጋራርድ አንባቢው በሌለበት ለዚያ ሰኔም ጋዜጣውን ከማዘጋጀት አልተቈጠበም። ይህ የመጨረሻው ቍጥር ታትሞ ለሕዝብ የቀረበው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

እንግሊዞች ለዚያ ለአንድ ቅጂ ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ ከካቫዲያስ 24 የእጅ ቅጂዎች ወይም ከብላታ ገብረ እግዚአብሔር ወረቀቶች አንዲቱ እንኳ በወመዘክር መደርደሪያ ወይም በአንድ ቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ብትገኝ፣ የእጅ ጽሕፈቱ እንዳለ ተነሥቶ፣ ስርዝ ድልዙ ሳይቀር፣ ለተማሪዎቻችን ታትማ እንድትቀርብ እለምናለሁ።