ዜና ሐኪም ዘሌጎስ

ናይጄሪያ ከእንግሊዝ እጅ በወጣች በሦስተኛው ዓመት፣ በ1963 ጥር 21 ቀን፣ በሌጎስ ከተማ ከዮሩባ ወገን ሐኪም ኦላጁዎን ተወለደ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደ ጻፍነው አንባቢ ይወቅልን። አባቱ ሳሊም፣ እናቱም አቢኬ ይባላሉ፤ ሲሚንቶ እየነገዱ ይኖሩ ነበር። ልጆቻቸውንም በእስልምና ሥርዓት፣ ውሸት በማይወድ ብርቱ እጅ አሳደጉ።

ብላቴናውም የእግር ኳስ በረኛ፣ የእጅ ኳስም ተጫዋች ሆነ። ቅርጫት ኳስን ግን 15 ዓመት እስኪሆነው አልነካውም። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል፤ እኛ ግን የኋላ ዝናው ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነው እንላለን። በረኛ የመቺውን ትከሻ አይቶ ኳሷ ሳትመጣ የሚነሣ ሰው ነውና፤ እጅ ኳስም በጠባብ ቦታ ዞሮ ማምለጥን ያስተምራል።

በ1980 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ወደ ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲም ሄደ። አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ የተቀበለው ሰው አልነበረም። ወደ ዩኒቨርሲቲው ቢደውል «ታክሲ ይዘህ ና» አሉት፤ ታክሲ ይዞ ሄደ። የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጫወት በልምምድ ብቻ አሳለፈ።

በዚያም ዘመን በአሜሪካ ታላቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ በሚጫወተው በሂዩስተን ሮኬትስ ቡድን ሞሰስ ማሎን የሚባል ኀይለኛ ነበረ። በዕረፍት ወራት ፎንዴ ወደሚባለው የሕዝብ መዝናኛ አዳራሽ እየመጣ ይጫወት ነበርና ሐኪም በዚያ ገጠመው። ማሎን በትከሻና በዳሌ እየገፋ ከቅርጫቱ ሥር ያስወጣዋል፤ ልጁ ይመለሳል፤ ደግሞ ያስወጣዋል። ጥፋት ተሠራብኝ ብሎ መጮህ በዚያ አዳራሽ ዋጋ አልነበረውም። ሐኪም ከኀይለኛ ጋር መተሻሸትን የተማረው እዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ከክላይድ ድሬክስለር ጋር ሆኖ ዩኒቨርሲቲውን አስጠራ። አሠልጣኙ ጋይ ሉዊስም ሳይደክም ከቀለበቱ በላይ ሆኖ ሲከትት አይቶ «ድሪም» (ሕልም) የሚል ቅጽል አወጣለት። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ አልቀናቸውም፤ በ1983 በፍጻሜው በመጨረሻዋ ሰከንድ በገባች ኳስ 54 ለ52 ተረቱ፤ በ1984ም የጆርጅታውኑ ፓትሪክ ኢዊንግ አሸነፋቸው። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን።

በዚያው ዓመት ሮኬትስ ከአዳዲስ ተጫዋቾች ሁሉ አስቀድሞ አንደኛ አድርጎ መረጠው፤ ማይክል ጆርዳን ሦስተኛ ሆኖ የተመረጠ በዚያ ቀን ነው። ከራልፍ ሳምፕሰን ጋር «መንትያ ግንቦች» ተብለው በ1986 ሌከርስን ጥለው ለፍጻሜ ደረሱ፤ ቦስተን ግን 4 ለ2 መለሳቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ብዙ ድካም፣ ጥቂት ፍሬ ነበራቸውና አናስረዝማቸውም። በ1990 መጋቢት 29 ቀን በሚልዋኪ ቡድን ላይ 18 ነጥብ፣ 16 ሪባውንድ፣ 10 ለነጥብ ያቀበለው ኳስ፣ 11 የታገደ ኳስ በአንድ ሌሊት ማስመዝገቡን ብቻ እንጽፋለን። በ1992 ግን ከቡድኑ ሹማምንት ጋር ተጣላ፤ እርሱ እግሬን ታምሜአለሁ አለ፣ እነርሱ አስመሰለ አሉት፤ ልቀቁኝ እስከ ማለት ደረሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለጨዋታ ወደ ጃፓን ሲበሩ በረጅሙ መንገድ ከቡድኑ ባለቤት ጋር ተነጋግረው ታረቁ። በ1993 የአሜሪካ ዜግነት ተቀበለ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር እንምጣ። ሐኪም ጀርባውን ለተከላካዩ ሰጥቶ ኳሷን ይቀበላል። ትከሻውን ወደ አንድ ወገን ያሳያል፤ ተከላካዩ ሲከተለው እግሩን ተክሎ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ሰውየው ደርሼበታለሁ ብሎ ሲዘል እርሱ ገና መሬት ላይ ነው፤ ሰውየው ሲወርድ ያን ጊዜ ይወረውራል። ይህን «ድሪም ሼክ» አሉት።

በ1994 ሮኬትስ ለፍጻሜ ከኒውዮርክ ጋር ገጠመ፤ በዚያም ያ ኢዊንግ ቆሞ ነበር። ኒውዮርክ 3 ለ2 ይመራ ነበርና ስድስተኛው ጨዋታ የሞት ሽረት ሆነ። ሂዩስተን 86 ለ84 እየመራ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ፣ በመጨረሻው ሩብ እጁ ሲሠምርለት የነበረው የኒውዮርኩ ጆን ስታርክስ ለሦስት ነጥብ ዘለለ፤ ኳሷ ብትገባ ዋንጫው የኒውዮርክ ነበር። ሐኪምም ከኢዊንግ ዘንድ ሮጦ ወጥቶ በጣቱ ጫፍ ኳሷን ነካት፤ ኳሷም ቀረች። ሰባተኛውን 90 ለ84 አሸንፈው ለቡድኑ የመጀመሪያውን ዋንጫ አመጡ። በዚያ ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች፣ ምርጥ ተከላካይና የፍጻሜው ምርጥ እርሱ ሆነ፤ ሦስቱን በአንድ ዓመት የያዘ ከእርሱ በቀር የለም።

በ1995 ድሬክስለር ወደ ሂዩስተን መጥቶ ከጥንት ወዳጁ ጋር ተጣመረ። በዚያ ዓመት ረመዳን በየካቲት ገባ፤ ሐኪምም ቀን ቀን ጾሞ ማታ እየተጫወተ የወሩ ምርጥ ተባለ። ቡድኑ ከምዕራቡ ምድብ ስድስተኛ ሆኖ ነበርና የጠበቀው ሰው አልነበረም። ዩታን፣ ከዚያም 3 ለ1 ሲመራው የነበረውን ፊኒክስን ጣለ። ቀጥሎ ሳን አንቶኒዮን ሲገጥሙ የሊጉን ምርጥ ሽልማት ለዚያ ቡድን ተጫዋች ለዴቪድ ሮቢንሰን በገዛ ሜዳው ሰጡት፤ ሐኪምም ተመልክቶ በዚያው ማታ 41 ነጥብ አገባ። ሽልማቱን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ቢሰጡት ይሻል ነበር። በፍጻሜውም የሻኪል ኦኒልን ኦርላንዶ 4 ለ0 አሸነፉ።

ሁለቱን ዋንጫ ጆርዳን በሊጉ ስላልነበረ ነው ያገኙት የሚሉ አሉ። በ1994 አልነበረም፣ እውነት ነው። በ1995 ግን በመጋቢት ተመልሶ ነበር፤ ያሸነፈውም ይኸው ኦርላንዶ ነው። ስለዚህ ይህን ነገር የሚያነሡ ሰዎች ግማሹን ብቻ ያውቃሉ።

በዚያ ዘመን ታላላቅ ተጫዋቾች ስማቸውን የሰጡት ጫማ ከ100 ዶላር በላይ ሲሸጥ እርሱ 35 ዶላር ገደማ ለሚያወጣ ጫማ ስሙን ሰጠ። በ1996 በአትላንታ ለአሜሪካ ተጫውቶ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። በ2001 ወደ ቶሮንቶ ተሸጋገረ፤ ጀርባው ታመመና በ2002 ጨዋታን ተወ። 26,946 ነጥብ አስመዝግቦ ነበር፤ ያገዳቸው ኳሶችም 3,830 ናቸው፤ ይህን የሚበልጥ ቁጥር በሊጉ መዝገብ የለም። ሮኬትስም 34 ቁጥር ማልያውን ለሌላ እንዳይሰጥ ሰቀለለት፤ በ2008 ወደ ዝነኞች አዳራሽ ገባ።

ከዚህ በኋላ በሂዩስተን መሬትና ሕንፃ በመግዛትና በመሸጥ ከበረ፤ ሃይማኖቱ ወለድ ይከለክላልና ያለ ብድር በጥሬ ገንዘብ ይገዛ ነበር። በመሐል ከተማ በ1928 የተሠራ፣ ባለ ትልልቅ ዓምድ የባንክ ቤት ገዝቶም መስጊድ አደረገው። ወለድ ሲሰላበት በኖረ አዳራሽ እንዲሰገድበት ማድረጉ ሆን ብሎ ይሁን አጋጣሚ፣ እኛ ደስ ብሎን ጻፍነው። ብዙ ጊዜም በዮርዳኖስ ተቀምጦ ዐረብኛና ሃይማኖቱን ተማረ።

የኋላ ዘመን ተጫዋቾችም የእግሩን ጥበብ ፈልገው ወደ እርሱ ይመጡ ጀመር። በ2009 ኮቢ ብራያንት መጣ፤ ቀጥሎ ድዋይት ሃዋርድ። በ2011 ሌብሮን ጄምስ በፍጻሜው በዳላስ ተሸንፎ አንገቱን ደፍቶ ሂዩስተን ወረደ፤ ሐኪምም ጀርባ ሰጥቶ መጫወትን አሳየው። በተከተለው ዓመት ሌብሮን የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ።