የዉዲ ሄይስ ምክትሎች

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አሠልጣኝ የነበረውን የዉዲ ሄይስን ስም ሳይሰማ አንድ ሳምንት አያልፈውም። ሰውየው በ1987 ሞቷል (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬም ስታዲየሙ አጠገብ በስሙ የተሰየመ ጎዳና አለ፤ የቡድኑ ማሠልጠኛም የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጨዋታ የማደርሳቸው ሽማግሌዎች ደግሞ አንድ የዉዲ ወሬ ሳያወጉኝ አይወርዱም። አብዛኛው ወሬ ስለ ቁጣው ነው፤ ሲያወሩትም ደስ እያላቸው ነው። እኔ ወሎ ውስጥ የስፖርት መምህር ሳለሁ የትምህርት ቤት ቡድን ምክትል አሠልጣኝ ነበርኩ። የኳስ ከረጢት ተሸክሞ ዋናው ሲጮህ አንገቱን የሚደፋውን ሰው በደንብ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ወሬው ሲጀመር የእኔ ሐሳብ የሚሄደው ያ ሁሉ ቁጣ ወደሚያርፍባቸው ሰዎች ነው።

የአሜሪካ ፉትቦል አንድ ሰው ብቻውን የሚያሠለጥነው ጨዋታ አይደለም። ለማጥቃት መስመሩ አንድ፣ ለመከላከል መስመሩ አንድ፣ ለኋላ ተከላካዮቹ ሌላ፣ ለሯጮቹ ሌላ ምክትል ያስፈልጋል። በሄይስ ዘመን እነዚህ ሰዎች ከሜዳ ሲወጡ ጨለማ ክፍል ገብተው የጨዋታውን ፊልም በፕሮጀክተር ወደፊትና ወደኋላ እያመላለሱ ያመሻሉ። ብርዱ ሲገባ ደግሞ በየከተማው እየነዱ ልጅ ይመለምላሉ፤ የእናትየውን እራት ይበላሉ፣ አባትየውን ያግባባሉ። ልጁ ሲፈርም ምስጋናው የዋናው አሠልጣኝ ነው።

ሄይስ ኦሃዮ ስቴት የገባው በ1951 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል መርከብ አዟል፤ የጦርነት ታሪክ ማንበብ ይወዳል፤ ቡድኑንም እንደ ጦር ነው የመራው። በ28 የውድድር ዘመን 205 ጨዋታ አሸንፏል። ሲናደድ ኮፍያውን ይቦጫጭቃል፣ ሰዓቱን ይሰባብራል፣ መነጽሩን ይረግጣል። ኮፍያው በቀላሉ እንዲቀደድ ስፌቱን አስቀድሞ በምላጭ ያስነካው ነበር የሚሉም አሉ። እውነት ከሆነ ግማሹ ቁጣ ቲያትር ነበር ማለት ነው። ችግሩ ምክትሉ የትኛው ግማሽ እንደመጣበት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ተሳፋሪዎቼ ደጋግመው የሚያወሩት የነዳጁን ታሪክ ነው። ሄይስና አንድ ምክትሉ ልጅ ለመመልመል ወደ ዋናው ተቀናቃኛቸው ግዛት ወደ ሚሺጋን ሄደው በሌሊት ሲመለሱ ነዳጁ ሊያልቅ ይደርሳል። ምክትሉ ማደያ ባየ ቁጥር እንቁም ይላል። ሄይስ ግን ለጠላት ግዛት አንዲት ሳንቲም ግብር አልከፍልም፣ ካለቀም መኪናውን እየገፋን ድንበር እንሻገራለን ብሎ እምቢ ይላል። እየተጋነነ የመጣ ወሬ ሊሆን ይችላል። ተሳፋሪው በሄይስ ግትርነት ይስቃል፤ እኔ፣ የነዳጅ መብራት ሲበራ ላብ የሚያጠምቀኝ ሰው፣ የምስለው መሪውን የጨበጠውን ነው። የሚቆጣው ቢቆጣ እሱን ነው፤ መኪናውም ቢቆም የሚገፋው እሱ ነው።

ከእነዚህ ምክትሎች ሁሉ ስሙ የገነነው ቦ ሼምበክለር ነው። ማያሚ በሚባለው የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እዚያ ያሠለጥን ለነበረው ለሄይስ ተጫውቷል፤ በኋላም ከ1958 እስከ 1962 ምክትሉ ሆኖ ሠርቷል። ሄይስ በቁጣ ብዙ ጊዜ አባርሮት እንደነበር ራሱ ሼምበክለር እየሳቀ ይናገር ነበር። ይባረራል፣ ቁጣው ይበርዳል፣ ሥራው ይቀጥላል። በስብሰባ መሃል ወንበር ተወራውረዋል የሚል ወሬም አለ። ሉ ሆልትዝ ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ ነው የሠራው፤ ያ ዓመት ግን ቡድኑ የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነበት 1968 ነበር። በውድድር ዘመኑ መጨረሻ፣ ሮዝ ቦል በሚባለው ጨዋታ፣ የተቃራኒው ቡድን ተጫዋች ኦ.ጄ. ሲምፕሰን ኳሷን ይዞ 80 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። የኋላ ተከላካዮቹ ኃላፊ ሆልትዝ ነበርና ሄይስ እንዴት 80 ያርድ ሊሮጥ ቻለ ብሎ አፋጠጠው። ሆልትዝ እንደሚያወራው መልሱ የሚያስፈልገው 80 ያርድ ብቻ ስለነበረ ነው የሚል ነበር። ኦሃዮ ስቴት በመጨረሻ 27 ለ16 ባያሸንፍ ኖሮ ይህ ቀልድ ዛሬ የሚወራ አይመስለኝም።

ታዲያ ለምን ታገሱት? አንደኛ፣ ሄይስ የሚያስከፍለውን ራሱም ይከፍል ነበር፤ ከማንም በላይ ይሠራል፣ ለራሱ የደመወዝ ጭማሪ ሲመጣለት ደጋግሞ እምቢ ብሏል። ሁለተኛውና ዋናው ግን በእሱ እጅ ያለፈ ሰው በየትም የሚፈለግ መሆኑ ነው። ሄይስ ማያሚ ሳለ ምክትሉ የነበረው አራ ፓርሲጊያን የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲን ቡድን ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን አድርጓል፤ ሆልትዝም በ1988 እዚያው ኖትር ዳም ሻምፒዮን ሆኗል። ስድቡ እንግዲህ የትምህርት ክፍያ ነበር። ክፍያው በዛ ወይስ አነሰ የሚለውን ለመፍረድ ያልተሳካላቸውንም ምክትሎች መጠየቅ ነበረብን፤ የእነሱን ወሬ ግን ታክሲዬ ውስጥ ማንም አያወራም።

ሼምበክለር በ1969 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲን ቡድን ያዘ፤ የጠላት ግዛት የተባለውን ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሄይስ ሚሺጋንን 50 ለ14 ረምርሞ ነበር። ሼምበክለር ከሄይስ ጋር ሊጋጠም በነበረበት ሳምንት ልምምድ ላይ የተቃራኒውን ቡድን ቦታ ለሚጫወቱት ልጆች 50 ቁጥር አልብሶ ተጫዋቾቹ ውርደታቸውን ቀኑን ሙሉ እንዲያዩት አደረገ። ማንን ነው የመሰለው? በ22 ተከታታይ ጨዋታዎች ያልተሸነፈው ኦሃዮ ስቴት 24 ለ12 ተረታ። ሄይስም በፈንታው ይህ ውጤት የተጻፈበት ምንጣፍ በልምምድ ሜዳው መግቢያ አስነጥፎ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ እየረገጡት አለፉ፤ በ1970ም 20 ለ9 አሸነፈ። አስተማሪና ተማሪ አሥር ዓመት ተፋለሙ፤ ሼምበክለር 5 አሸነፈ፣ 4 ተሸነፈ፣ አንዱን አቻ ወጣ።

ሼምበክለርም ለራሱ ምክትሎች የዋህ አልነበረም። ግን የ1970ው ሮዝ ቦል ሊጀመር ሲል በ40 ዓመቱ ልቡ ታመመና ሆስፒታል ገባ። ቡድኑን ይዞ ሜዳ የገባው ምክትሉ ጂም ያንግ ነበር፤ 10 ለ3 ተሸነፉ። እንዲህ ያለው አሠራር ምክትሎቹን ብቻ እንዳልጎዳ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

የሄይስ ፍጻሜ ታኅሣሥ 29 ቀን 1978 ጃክሰንቪል ላይ ሆነ። በጌተር ቦል ጨዋታ መጨረሻ የተጋጣሚው የክሌምሰን ተጫዋች ኳሷን ነጥቆ ከሜዳ ሲወጣ ሄይስ በቡጢ መታው፤ በግርግሩ ሊይዘው የሞከረውን የራሱን ቡድን ተጫዋችም መታ። በማግስቱ ተባረረ። ይህን ሲያወሩ ተሳፋሪዎቼ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ የአንድ ቀን እብደት ነው ይላሉ። እኔ የአንድ ቀን አይመስለኝም። ያ እጅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ጠረጴዛ ሲመታ አጠገቡ የተቀመጡት ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም ብለዋል። ዝም ካላሉ ደግሞ ሥራ የለም።

ዛሬስ? ጩኸቱም ማባረሩም አልጠፋም። በጊዜው የአላባማ ዋና አሠልጣኝ የነበረው ኒክ ሳባን ምክትሉን ሌን ኪፊንን ያሰናበተው የ2017 የሻምፒዮና ፍልሚያ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። የተለወጠው የምክትሉ ዋጋ ነው። ጂም ኖውልስ በ2022 የኦሃዮ ስቴትን መከላከል ሊመራ ሲመጣ ደመወዙ በዓመት 1.9 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቡድኑ ጥር 20 ቀን 2025 ኖትር ዳምን 34 ለ23 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ ወር እንኳ ሳይሞላ ኖውልስ የተሻለ ገንዘብ ወዳቀረበለት ወደ ፔን ስቴት ሄደ። ፔን ስቴት በዚያው ሊግ ውስጥ ያለ ተቀናቃኝ ነው። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪዬ በዚህ ነገር ከአየር ማረፊያ እስከ መሃል ከተማ ሲያማርር ሄደ፤ ታማኝነት የሚባል ነገር ጠፋ አለኝ። ሼምበክለርም እኮ ሚሺጋን ነው የሄደው አልኩት። እሱ ሌላ ነው አለና ሒሳቡን ከፍሎ ወረደ።