ካሜራ በኦዳ ቢሲል ምድር፦ የሜጫ ኦሮሞ ቅርስና የፎቶግራፍ ማስረጃነት

በሜጫ ኦሮሞ ትውፊት ማኮ ቢሊ የገዳ ሕግ የደነገገበት ኦዳ ቢሲል የሚገኘው በምዕራብ ሸዋ፣ ከአምቦ በጉደርና በጌዶ በኩል ወደ ነቀምት በሚዘልቀው መስመር አካባቢ ነው። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ የሚተላለፍበት የገዳ ሥርዓት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ ባካሄደው ጉባኤ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ዛሬ በኢሬቻም ሆነ በገዳ በዓላት ላይ ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ ያነሳል። ይሁንና ከዚህ ሁሉ ፎቶ አብዛኛው የበዓሉን ድምቀት እንጂ ባህሉን አይመዘግብም ባይ ነኝ።

ሲንቄን እንውሰድ። እናት ለልጇ በሠርጓ ዕለት የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ያገባች ሴት ክብሯ ሲደፈር ሲንቄዋን ይዛ ትጮኻለች፤ ጩኸቱን የሰሙ ሴቶችም የየራሳቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በደሉ በሽማግሌ ታይቶ ካሳ ወይም ዕርቅ እስኪገኝ ድረስም አይበተኑም። በፎቶ የምናየው ግን በአብዛኛው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ በትራቸውን ከፍ አድርገው የተሰለፉ እናቶችን ነው። ምስሉ ያምራል፤ ሐሰትም የለበትም። ሆኖም ይህች በትር ከማን እጅ እንደመጣች፣ ቤት ውስጥ የት እንደምትቀመጥ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በምን ጉዳይ ከቤት እንደወጣች ካልተጻፈ፣ የፍትሕ መሣሪያ የነበረችው ሲንቄ ለተመልካች የበዓል ጌጥ ሆና ትቀራለች።

ሌላው ጉዳት የሚመጣው ምስሉን «ንጹሕ» ለማድረግ ከመጣር ነው። ፎቶ አንሺው የፕላስቲክ ወንበሩን፣ የቆርቆሮ ጣሪያውን፣ የአባ ገዳውን ሞባይል ከዕይታ ያስወጣል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ከርቲስም ከመቶ ዓመት በፊት በፒገን ነባር አሜሪካውያን ድንኳን ውስጥ ካነሳው ፎቶ ላይ የጠረጴዛ ሰዓት ፍቆ አጥፍቷል። ገዳ ግን በሜጫ ምድር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተዳከመ በኋላ በቅርብ አስርት ዓመታት ዳግም ያንሰራራ ሥርዓት ነው። ወንበሩና ሞባይሉ የዚህ መነቃቃት ዘመን ምስክሮች ናቸው፤ ነገ የሚመጣው ተመራማሪም ዘመኑን የሚለየው በእነሱ ነው።

ምን ይነሳ፣ ምንስ ይቅር የሚለውን ማን ይወስን ለሚለው ጥያቄ የሜክሲኮ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማያዎች ተሞክሮ ይጠቅመናል። በቺያፓስ ግዛት፣ በሳን ሁዋን ቻሙላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። በዚያው ግዛት እ.ኤ.አ. በ1992 ካርሎታ ዱአርቴ የጀመሩት ፕሮጀክት ደግሞ ካሜራውን ለማያዎቹ ራሳቸው አስረከበ። ከመካከላቸው ማሩች ሳንቲስ ጎሜስ ተራ የቤት ዕቃዎችን አንድ በአንድ እያነሳች፣ ከሥራቸው የአባቶቿን እምነት በጾጺል ቋንቋ ጻፈች። ክልከላውም ቀረጻውም የባለቤቶቹ ውሳኔ መሆኑ ነው ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው።

የእኛ የቆየ የፎቶ ታሪክ በአብዛኛው ከቤተ መንግሥት የተነሳ ነው፤ የአርመን ተወላጁ ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ነገሥታቱን አንስተዋል። የጌዶና የአካባቢዋ ገበሬ ቤት በዚያ ክምችት ውስጥ ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ የሚመለስ ተማሪና በኪሱ ያለው ስልክ ለጅምር ይበቃሉ። ከእያንዳንዱ የቤት ዕቃ ፎቶ ጋር የዕቃው ባለቤት ፈቃድ፣ ቀኑ፣ ቦታውና የዕቃው ታሪክ በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፤ አንድ ቅጂም በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ምን እንደሚነሳ የሚወስኑት፣ ካሜራ የማይገባበትንም ሰዓት የሚናገሩት አባ ገዳዎቹና የሲንቄ እናቶቹ ሀደ ሲንቄዎች ይሁኑ።