የቤት ጓዝ ጉዞ፤ ከአጋሰስ እስከ አይሱዙ



ከሰፈራችን ቤቱን ነቅሎ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ሰው በየዓመቱ አይታጣም። በጡረታ ወደ ትውልድ አገሩ የሚመለስ አለ፣ ልጁን ተከትሎ የሚሄድ አለ፣ በሥራ ዝውውር የሚነሣም አለ። የጡረታውን ብር ለመኪና ኪራይ ከፍሎ ባዶ እጁን የሚገባም አይተናል። እኛ በጸሐፊነት ሥራ ከአውራጃ አውራጃ ስንዛወር የኖርን ሰዎች ስለዚህ ነገር ጥቂት የምናውቀው ስላለን፣ ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን ብናቀርበው ይጠቅማል ብለን አሰብን። የጓዝ ዋጋ ዱሮም ሆነ ዛሬ በመንገዱ ርዝመት ብቻ አይቆረጥም። አጓጓዡ በዚያ አቅጣጫ የሚሄደው ባዶውን ነው ወይስ ጭኖ ነው? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

ባቡርና መኪና ሳይገባ ጓዝ የሚሄደው በአጋሰስ ነበር። አህያ ግማሽ ኩንታል ያህል፣ በቅሎ ከዚያ ከፍ ያለ፣ ግመል ደግሞ ሁለት ኩንታል ገደማ ይሸከማል። ከሐረር ወደ ዘይላ የሚወርድ ሰው ግልዴሳ ሲደርስ የደጋውን አህያና በቅሎ አሰናብቶ ለቆላው ግመል ይይዛል። ጭነት በተገለበጠ ቁጥር ኪራይ አለ፤ በየኬላው ደግሞ ቀረጥ አለ። ሽፍታም ስለሚፈራ ቤተሰብ ብቻውን አይነሣም፤ ሲራራ ነጋዴ ጠብቆ ከእርሱ ጋር ይዳበላል።

ታዲያ የዱሮ ሰው የሚጭነውን መርጦ ነው። ጋኑ፣ ወፍጮው፣ ምጣዱ ለጎረቤት ይቀራል። ምጣድ መቼም በበቅሎ ጀርባ ሳይሰበር አይደርስም፤ ሲደርሱ አዲስ ማሟሸት ይቀላል። የጠፍር አልጋ ቢሆን ጠፍሩ ይፈታና እንጨቱ ተነቃቅሎ አንድ እስር ይሆናል፤ ከደረሱ በኋላ እንደገና ይጠፈራል። ሞሰቡም ባዶውን አይሄድም፣ ስኒውና ብርሌው በጋቢ ተጠቅልሎ ውስጡ ይገባል። ጓዝን ያከበደው ኋላ የመጣው ቁም ሣጥንና ቡፌ ነው። አንዳንዱ ቡፌ እንዲያውም ለማጓጓዣው የሚከፈለውን ያህል ዋጋ የለውም፤ ሸጦ መሄድን የመሰለ ነገር የለም።

የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ ለገሃር 784 ኪሎ ሜትር ነው። የሳምንታቱ መንገድ የቀናት ሆነ፣ ግመልና በቅሎ መለዋወጡም ቀረ። ነገር ግን ባቡር የሚጠቅመው በሐዲዱ ዳር ላለ ሰው ብቻ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ሲቋረጥ ያም ሰው ተቸገረ።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ለጦሩ ብሎ የሠራው መንገድ ለቤተሰብም መንገድ ሆነ። የጣርማ በር ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ የተበላሸውን ማደስ ያዘ። መጀመሪያ ትሬንታኳትሮ፣ በኋላም ኤንትሬ የሚባሉት የፊያት ካሚዮኖች የአገሩን ጓዝ ተሸከሙ።

እኛ ጅማ በነበርንበት ጊዜ ነገሩን በዓይናችን አየነው። ቡናው ከተለቀመና ከደረቀ በኋላ ከታኅሣሥ ጀምሮ ካሚዮን ሁሉ ቡና ፍለጋ ወደ ጅማ ይጎርፋል። በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ዕቃ መውሰድ ርካሽ ነው፤ ሹፌሩ ባዶውን ከሚወርድ ያገኘውን ይጭናል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ግን ቡናው ቦታውን ይዞታል፣ ጓዝ የያዘ ሰው ደጅ ይጠናል። ክረምት ሲገባ ይገለበጣል፤ ጨውና ስኳር ያራገፈው መኪና መመለሻ ያጣል። በእኛ መሥሪያ ቤት የዝውውር ደብዳቤ የሚመጣው በበጀት መዝጊያ በሰኔና በሐምሌ ስለነበረ፣ ከጅማ የሚነሣ ሰው በጭቃው ቢንገላታም በኪራዩ ይድን ነበር።

በደርግ ዘመን ሌላ ጣጣ መጣ፤ እህል ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እንዳይሄድ በኬላ ይጠበቅ ነበር። የቤተሰብ ጓዝ ከባዱ ክፍል ደግሞ ጤፉ ነው። ማዳበሪያውን እየወጉ «ይህ ለቤት ነው ለንግድ?» ሲሉ የዓመት ቀለብ የቀረባቸው አሉ። ብልሆቹ ጤፉን እዚያው ሸጠው ብሩን ይዘው ይሄዱ ነበር፤ በሄዱበት ግን በውድ ይሸምቱታል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው ይህ የተነሣው።

አሰብ እስከ 1990 ዓ.ም. ዋና ወደባችን ነበረች፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አገራችን የምታስገባው ከምትልከው በክብደት እጅግ ስለሚበልጥ ወደ ወደብ የሚወርደው መኪና ብዙውን ጊዜ ቀሎት ነው፣ ሲወጣ ግን ሞልቶ ነው። ስለዚህ ጓዙን ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚወስድ አባል ኮንቴነር ያልያዘ ወራጅ መኪና ቢጠይቅ ይበጀዋል። ከዚያ ወደዚህ የሚመጣው ግን ቀድሞ ማፈላለግ አለበት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም ጓዝን ከቤት ጣቢያ፣ ከጣቢያ ቤት ለማድረስ ሁለት ኪራይ ይጨመራል፤ የግልዴሳው ግመል ነገር ነው።

ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው እየተነሣ ስለሄደ ዛሬ አይሱዙ በጓዝ ልክ ይዞ መነጋገር ግድ ነው። ሁለት ቤተሰብ ተዳብሎ አንድ መኪና ቢይዝ ለሁለቱም ይቀላል። ከደላላው ይልቅ ሹፌሩን ማነጋገር፣ ግማሹን ሲጫን፣ ግማሹን ሲራገፍ መክፈል ነው። የጫኝና አውራጅ ሒሳብ በማን በኩል እንደሆነ ሳይነሡ በፊት በወረቀት ይጻፍ። ሲደርሱ በር ላይ ተከበው ሲጨቃጨቁ ያመሹ አሉ፤ ፍሪጁም ቆሞ ያድራል።