የልዩነት ፊርማ

በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች የጉልበት ውል በአመዛኙ የቃል ውል ነበር። እረኛ በግ ቢጠፋበት ኪሳራው ከምንዳው ይቀነስ አይቀነስ ብሎ የሚበይነው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎች ብቻቸውን ይመካከራሉ፤ ለባለጉዳዮቹ የሚነገረው ግን አንድ ቃል ነው። ከመካከላቸው ያልተስማማ ቢኖር እዚያው ይቀራል። ዋስ ይጠራል እንጂ መዝገብ አይከፈትም።

ወረቀቱ የመጣው ከፋብሪካ በኩል ነው። ከ1954ቱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ድንጋጌ በኋላ በ1956 አዋጅ ቁጥር 210 የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድን አቋቋመ። አዋጁ በዓይኑ የያዘው እንደ ወንጂ ስኳርና እንደ ምድር ባቡር ያሉትን ድርጅቶች ነበር፤ ማኅበር ለማቋቋም እንኳ 50 ሠራተኛ ይጠይቅ ነበር። በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለው የወሎ ቦረና ቅጥር አራሽ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ እርሻን በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ራሱን ከለከለ፤ ከክልከላው የወጡት እንደ አቅመ ደካሞች፣ ሕሙማንና ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው ሴቶች ያሉት ነበሩ። በሕግ ፊት አሠሪም ሠራተኛም ከሞላ ጎደል በሌለበት ገጠር የሥራ ክርክር ከየት ይመጣል? ሸንጎው የገበሬ ማኅበሩ ሆነ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርዱ ሥርዓት ጠርቶ የሚታየው በ1985ቱ አዋጅ ቁጥር 42 እና በተኩት በ1996ቱና በ2011ዱ አዋጆች ነው። በ1996ቱ አዋጅ ቦርዱ ሰብሳቢ፣ ሁለት ባለሙያዎች፣ ከሠራተኛ ማኅበራት ሁለት፣ ከአሠሪዎች ሁለት አባላት ነበሩት። መጀመሪያ አስማሚ ይሞክራል፤ ካልሆነለት ጉዳዩ ወደ ቦርዱ ይሄዳል። ቦርዱ በፍርድ ቤት የማስረጃና የሥነ ሥርዓት ደንብ አይታሰርም፤ ሚዛኑ የጉዳዩ ፍሬ ነገር ነው። እስከዚህ ድረስ ከሽማግሌ ብዙም አይርቅም።

የሚለየው ብዕር ሲነሣ ነው። ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ይሰጣል፤ ድምፅ እኩል ከተከፈለ የሰብሳቢው ወገን ይጸናል። ጽሑፉ ጭብጡን፣ የቀረበውን ማስረጃና ምንጩን፣ የተረጋገጠውን ፍሬ ነገርና ማስረጃው እንዴት እንደተመዘነ፣ በየጭብጡ የተወሰነውን፣ በመጨረሻም ሊፈጸም የሚገባውን መያዝ አለበት። ከእነዚህ ሁሉ ክብደት ያለው የማስረጃው ምዘና ይመስለኛል። በ30 ቀን ውስጥ የሚቀርበው ይግባኝ የሕግ ጥያቄ ብቻ ነውና፣ ቦርዱ ስለ ፍሬ ነገሩ የደረሰበት መደምደሚያ የመጨረሻ ነው። ቦርዱ ምስክሩን ለምን እንዳመነ ሳይጽፍ ካለፈ፣ ተሸናፊው ጉድለቱን የሚያሳይበት ቦታ ያጣል። ያልተስማማ አባልም ልዩነቱን ጽፎ ይፈርማል፤ ሽማግሌው በልቡ ይዞት የሚሄደው ነገር እዚህ መዝገብ ይገባል።

ዛሬ መካነ ሰላም ውስጥ ከሥራ የተባረረ የሆቴል አስተናጋጅ ክርክሩ የግል ነውና የሚሄደው ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል። ቦርዱ የወል ክርክርን ይጠብቃል፤ ከ1996 ወዲህ ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኛ ይበቃል። ሕጉ ለሽማግሌም በር ትቷል፦ ተከራካሪዎች ከተስማሙ የራሳቸውን ገላጋይ መምረጥ ይችላሉ፤ እዚያ ካልተግባቡ ግን ቅር የተሰኘው ወገን ጉዳዩን ለቦርዱ ወይም ለፍርድ ቤት ያቀርባል።