ዋተር ግስ ነው ወይስ ስም?

ሆሞሻ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ወዳጃችን ሰሞኑን ደወለልን። አንድ ተማሪው ማንጎውን ውኃ አጠጣለሁ ለማለት «አይ ዋተር ዘ ማንጎ ትሪ» ብሎ ጽፏል። ወዳጃችን «ዋተር ስም ነው» ብሎ በቀይ ሰረዘበት። ልጁ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ግስ ቢሆን ምን ችግር አለው?» አለው። ወዳጃችን መልስ አጣ። ቤቱ ገብቶም ነገሩ አልለቀቀውም።

መልሱን እናስቀድመው፤ ልጁ ልክ ነው። የዛሬ 1000 ዓመት ገደማ እንግሊዝኛ ስምና ግስን በቅጥያ ይለይ ነበር። በኋላ ቅጥያዎቹ ረገፉና ስምም ግስም አንድ ልብስ ለበሱ። ይህ ያናደደው ሰው አልጠፋም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1789 ለኖህ ዌብስተር በጻፈው ደብዳቤ «ኖቲስ» እና «አድቮኬት» ግስ ሆነው መምጣታቸውን አጥብቆ ነቅፎ ነበር። ግን ማን ሰማው? «ጉግል» ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ2006 በግስነት ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ገባ።

እኛስ? የእኛ መንገድ ሌላ ነው። አማርኛ የባዕዱን ስም ይይዝና ተነባቢዎቹን ፈልቅቆ በራሱ ቅርጽ ያረባዋል። ቤንሻንጉልን ኢትዮጵያ ውስጥ ያስቀረው የሱዳን ድንበር ውል ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «ተፈረመ» እንላለን። አጼ ምኒልክ ግን ያደረጉት ማኅተማቸውን ነው። «ፈረመ» የመጣው «ፊርማ» ከሚለው የጣሊያንኛ ስም ነው፤ ዛሬ ማንም እንግዳ አይለውም።

ሌላም አለ። «ጦማር» ከግሪክ ወደ ግዕዝ የገባ ስም ነው፤ ደብዳቤ ማለት ነበር። የኢንተርኔት ጸሐፊዎች አነሱትና «ጦመረ»፣ «ጦማሪ» አሉ። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ሲታሰሩ ቃሉን ያልሰማ ሁሉ ሰማው። አንድ ስም ግስ ሲሆን የሚያሳስር ሥራም ይሆናል ማለት ነው።

ወደ ሆሞሻ እንመለስ። እዚያ ብዙ ልጅ ቤቱ በርታኛ ይናገራል፤ አረብኛም ይሰማል፤ አማርኛም ያውቃል። አረብኛው ራሱ ከ«ተሊፎን» «ተልፈነ» የሚል ግስ አውጥቷል። እንግሊዝኛ ለዚህ ልጅ አራተኛው ነው። እውነት ነው፣ ስም ሁሉ ግስ አይሆንም፤ ለፈተና መዝገበ ቃላት ማየት ይሻላል። ግን ልክ የሆነን ልጅ በቀይ ስንሰርዘው የምናስተምረው ሰዋስው ሳይሆን ዝምታን ነው።

ወዳጃችን በማግስቱ ማርኩን መለሰለት። ክፍሉ ፊትም «አንተ ልክ ነህ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለው። እኛን ደስ ያለን ግን ሌላው ነው፤ ልጁ ወዲያው እጁን አውጥቶ ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቀው።