የድመት ምላስና የባለቤቷ ድርሻ

በአገራችን ድመት ወደ ቤት የገባችው ሠርታ ለመብላት ነው። ጎተራ ካለ አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ካለ ደግሞ ድመት ትፈለጋለች። የዛሬው የአዲስ አበባ አትላስ ሰፈር በአትላስ ሆቴል ስም ከመጠራቱ በፊት፣ አካባቢው ገና የእርሻ መሬት ሳለ፣ የገበሬ ድመት የምትመዘነው በምትይዘው አይጥ ነበር። የሰውና የድመት ዝምድና እጅግ የቆየ ነው፤ በቆጵሮስ ከሰው ጎን ተቀብራ የተገኘችው ድመት 9,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። በንጽሕና በኩል ግን ፈረሱ ይታጠባል፣ በቅሎዋ ትጠረጋለች፤ ድመት «ራሷን ታጸዳለች» ተብላ ተተወች። ይህ ልማድ ለጎተራ ዘመን ትክክል ነበር፤ ለአፓርታማ ዘመን ግን አይበቃም።

ልማዱ ትክክል የነበረው ምላሷ በእርግጥ ስለሚሠራ ነው። በላዩ ወደ ጉሮሮዋ ያዘነበሉ ጥቃቅን እሾሆች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ጫፋቸው ጎድጎድ ያለ በመሆኑ ምራቋን እስከ ቆዳዋ ያደርሳሉ። ምራቁ ሲተን ሰውነቷን ያቀዘቅዛል። ቁንጫንም ትከላከልበታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ሙከራ፣ አንገታቸው ላይ መከለያ ታስሮ ከመላስ የታገዱ ድመቶች ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደልባቸው ከሚልሱት እጥፍ ያህል ቁንጫ ተገኝቶባቸዋል።

«ታዲያ ለሺህ ዓመታት ያለ እኛ እርዳታ ከኖረች ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ?» የሚል አይጠፋም። የመጣው ቤቱ ነው። በአትላስ ፎቆች ውስጥ የምትኖር ድመት የምትረግጠው በኬሚካል የተወለወለ ወለል ነው፤ ፀጉሯ ላይ ያረፈ ሁሉ ደግሞ ሆዷ ይገባል። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጥ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ድመትን ሊገድል ይችላል። ሳታድን ተቀምጣ የምትወፍር ድመትም ጀርባዋን መድረስ ያቅታታል። «ንጹሕ ከሆነች አስም ለምን ታስነሣለች?» የሚለውም መልስ አለው፤ ዋናው አለርጂ አምጪ ፕሮቲን በምራቋና በቆዳዋ ውስጥ ስላለ፣ በላሰች ቁጥር ፀጉሯ ላይ ይሰራጫል። ስለዚህ አስም ያለበት ሰው ድመቷን ከመኝታ ክፍሉ ማራቁ ተገቢ ጥንቃቄ ነው።

ድመት ያላችሁ ሁሉ፣ ፀጉሯን አበጥሩላት፤ የምትረግጠውንም ወለል አስቡበት። ቆዳዋ እስኪላጥ ከላሰች ወይም መላስ ካቆመች የሕመም ምልክት ነውና ሳትዘገዩ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።